ጠበቃ ሲያጠፋ ይርጋው ከመቼ ይቆጠራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ባልትና ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከኋላዬ የቆሙ እናት ደብዳቤ ዘርግተው «ወንድሜ፣ እስቲ ይህቺን አንብብልኝ» አሉኝ። ከኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ የመጣ ነበር። የጥገኝነት ጥያቄያቸው የወደቀው የደረሰባቸው በደል ስላልታመነ አይደለም፤ ማመልከቻው አሜሪካ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ስላልቀረበ ነው። ገንዘቡንም ማስረጃውንም ለጠበቃቸው ያስረከቡት ግን በሰባተኛው ወር ነው።

ለምን እንደማይከሱት ጠየቅኳቸው።

«ጠበቃ እንደ ነፍስ አባት ነው፤ ጉዴን ሁሉ ያውቃል። ነፍስ አባት ይከሰሳል? ደግሞስ ኬዙ በእጁ እያለ ባስቀይመው ማን ይቆምልኛል? ዳኛው ‹ዘግይተሻል› ያለኝ ቀን ‹አይዞዎት እናቴ፣ በይግባኝ እናስተካክለዋለን› አለኝ፤ አመንኩት። ስልክ ሳያነሳ ሲቀር ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ለመክሰስ እንደሆነ ጊዜው የት ይሄዳል?»

ጊዜው ግን እየሄደ ነው። ዳኛው ያን ከተናገረ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗል። አገር ቤት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1845 ከውል ለሚነሳ ክስ 10 ዓመት ይሰጣል። ያን ልማድ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ይታለላል።

ፖቶማክን ሲሻገሩ ቆጠራው ይለወጣል። ዲሲና ሜሪላንድ 3 ዓመት ይሰጣሉ፤ የሚጀምረውም ደንበኛው ጥፋቱን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ከሚገባው ቀን ነው። ቨርጂንያ ለጽሑፍ ውል 5፣ ለቃል ውል 3 ዓመት ብትፈቅድም «ዘግይቼ ነው ያወቅኩት» የሚል መከራከሪያ አትቀበልም። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳለው፣ ዋናው ጥያቄ ጠበቃው በዚያ ጉዳይ ሥራውን የጨረሰው መቼ ነው የሚለው ነው። የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1997 ጠበቃው ጉዳዩን ይዞ እስካለ ይርጋው እንደማይሮጥ ወስኗል። እኚህ እናት የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ የጠበቃው ቢሮ ግን ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የትኛው ቆጠራ ይይዛቸዋል?

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ጊዜው ይብስ ያጥራል። ካሊፎርንያ ውስጥ ይርጋው ከጥፋቱ ቀን ይነሳ ስለነበር ደንበኛው ምንም ሳያውቅ መብቱ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሻረ፦ ሕግ ያልተማረ ሰው የጠበቃውን ስህተት እንዴት ይለያል? ጠበቃውስ ስህተቱን የመናገር ግዴታ የለበትም ወይ? ለእኔ ከዚህ የቀና ፍርድ የለም። በ6 ዓመቱ ግን ሕግ አውጪው ገደብ አበጀለት፤ ከታወቀ 1 ዓመት ወይም ከጥፋቱ 4 ዓመት፣ ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። ጠበቃው በዚያው ጉዳይ እየወከለ ባለበት ጊዜ ግን ቆጠራው ይቆማል።

ከካሳው በፊት ኬዙን ማዳን ይቀድማል። የይግባኝ ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1988 በሎዛዳ መዝገብ በጠበቃ ጥፋት ተጎዳሁ ለሚል ስደተኛ መንገድ አበጀ፦ ቃለ መሐላ ያቀርባል፤ ጠበቃው እንዲያውቅና መልስ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ ለሥነ ምግባር አካል አቤት ይላል ወይም ለምን እንዳላለ ያስረዳል። በ2009 መጀመሪያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ማይክል ሙኬሲ ይህን ሻሩት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተተኪያቸው ኤሪክ ሆልደር መለሱት። መዝገቡ እንዲከፈት መጠየቂያው ጊዜ ግን በመደበኛው ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ 90 ቀን ብቻ ነው።

የጠበቆችን ሥነ ምግባር ከሚከታተሉ መሥሪያ ቤቶች የአንዱን ኃላፊ፣ ለአቤት ባዮች ይርጋው እየሮጠ መሆኑ ለምን በቋንቋቸው አይነገራቸውም ብዬ ጠየቅሁ። «የሕግ ምክር አንሰጥም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ክሱ በጊዜው ቢገባ እንኳ ጠበቃው ባያጠፋ ኖሮ ጥገኝነቱ ይገኝ እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። ከአገር የመባረር ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው ይህን ሁሉ ከየት ሆኖ ይከራከራል?

«አቤት ብዬበታለሁ እኮ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው» ብለውኛል እናቲቱ። ለሥነ ምግባር አካል የገባ አቤቱታ የካሳውን ክስ ይርጋ አያቆምም። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ውስጥ ያላችሁ ወገኖች፣ ፋይላችሁን ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ውሉንና ደረሰኙን ያዙ፤ የአቤቱታው መልስ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ሌላ ጠበቃ ፈልጋችሁ የመጨረሻዋን ቀን አስቆጥሩ።