የፀሐይን አምሳያ የምትዞረው ፕላኔት

ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይን የሚመስለውን 51 ፔጋሲን የምትዞር ፕላኔት ካገኙ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላኔቶች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ የሚዞሩት ግን ከትውልድ ጓደኞቻቸው የተለዩ ከዋክብትን ነው። ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና አብረው ተወልደው እስካሁን በስበት በተያያዙ ከዋክብት፣ ማለትም ክፍት ክላስተር በሚባለው ስብስብ ውስጥ የተገኙት ጥቂት ናቸው።

ጥቂት ቢሆኑም ዋጋቸው ትልቅ ነው። የአንድን ብቸኛ ኮከብ ዕድሜ ማወቅ ያስቸግራል። በክላስተር ውስጥ ግን ሁሉም እኩዮች ስለሆኑ፣ ነዳጃቸውን ቀድመው ጨርሰው ያበጡት ግዙፎቹ ከዋክብት የሌሎቹንም ዕድሜ ያሳብቃሉ። የኮከቡ ዕድሜ ከታወቀ የፕላኔቷም ታወቀ ማለት ነው።

በ2007 በሃያዴስ ክላስተር አንድ ግዙፍ ኮከብ ፕላኔት እንዳለው ታወቀ። በ2012 ደግሞ ፕሪሴፔ በተባለው ክላስተር ፀሐይ መሰል የሆኑ ሁለት ከዋክብት ዙሪያ ሁለት ‹‹ትኩስ ጁፒተሮች››፣ ማለትም ኮከባቸውን በጣም ቀርበው የሚዞሩ ግዙፍ ፕላኔቶች፣ ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት የኬፕለር ቴሌስኮፕ በኤንጂሲ 6811 ክላስተር ከኔፕቱን የሚያንሱ ሁለት ፕላኔቶችን አከለ።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረቴን የሚስበው በ2014 ይፋ የሆነው የኤም67 ግኝት ነው። ክላስተሩ ከእኛ 2,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ዕድሜውም ከፀሐይ ዕድሜ ብዙም አይለይም። ተመራማሪዎቹ በቺሊ ላ ሲላ በሚገኘው ባለ 3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ በተገጠመው ሃርፕስ በተባለው መሣሪያ አማካይነት 88 ከዋክብትን ለስድስት ዓመታት ተከታተሉ። መሣሪያው ፕላኔቷን አያያትም፤ ስበቷ ኮከቡን ሲያወዛውዘው በብርሃኑ ላይ የሚታየውን ለውጥ ይለካል። ከተገኙት ሦስት ፕላኔቶች አንዷ የምትዞረው ዋይቢፒ 1194ን ሲሆን፣ ይህ ኮከብ በክብደት፣ በሙቀትና በንጥረ ነገር ይዘቱ ከፀሐይ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ፕላኔቷ ግን ምድርን አትመስልም። ክብደቷ ቢያንስ የጁፒተር ሲሶ ያህል ነው፤ ሜርኩሪ ፀሐይን ለመዞር 88 ቀን ሲፈጅባት፣ እሷ ኮከቧን ሰባት ቀን ሳይሞላ ትዞራለች። እዚያ ሕይወት መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለኛል።

በ2016 የዚሁ ጥናት ቡድን በኤም67 ትኩስ ጁፒተሮች ከተለመደው በላይ እንደሚበዙ ገለጸ፤ ምናልባት ጎረቤት ከዋክብት በአጠገብ ሲያልፉ የፕላኔቶችን ምሕዋር ስለሚያናጉ ይሆናል። ሐሳቡ አሳማኝ ቢሆንም የተቆጠሩት ጥቂት ስለሆኑ መደምደሚያ ለማድረግ አልደፍርም።

ኤም67ን ማየት የሚፈልግ አንባቢ በየካቲት ምሽት ባይኖኩላሩን ወደ ሸርጣን ኅብረ ኮከብ ያዙር፤ ዋይቢፒ 1194ን ለይቶ ለማየት ግን ደህና ቴሌስኮፕ ያስፈልገዋል።