ከቅኔ ቤት እስከ አራዳ፤ የተማሪ ቤት ጨዋታና የሰፈር ልጅነት

በዓለ ጥምቀት ሲነሣ ነጩ ልብስ፣ ጃንሜዳ፣ የካህናቱ ወረብና ሽብሸባ አስቀድመው የሚታወሱ ቢሆኑም፣ እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የምናወጋው በታቦታቱ ፊት ምንጣፍ እየጠቀለሉና እየዘረጉ ስለሚሮጡት የሰፈር ልጆች አንደበት ነው። በከተራ ዕለት ከእነዚህ ወጣቶች አጠገብ የቆመ ሰው፣ «ጀለሴ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ!»፣ «ጩጬዎቹን ዞር አድርጋቸው!»፣ «ነቄ በሉ፣ ካህናቱ ደርሰዋል!» ሲባል ይሰማል። ነጠላቸውን አጣፍተው ከዳር የሚሄዱት እናቶች ግማሹ ይገባቸዋል፤ ግማሹ ግን አይገባቸውም። አንዳንድ አባቶችም «ምነው በታቦት ፊት እንኳ ቋንቋችሁን ብታቀኑ?» ብለው ይገሥጻሉ።

ተግሣጹ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን ተማሪ ቃልን ከተለመደ ትርጉሙ አውጥቶ በራሱ መንገድ ማናገር የጀመረው በዘመናዊ ትምህርት ቤት እንዳይመስለን። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው መጠሪያ ራሱ ቁም ነገርና ቀልድ የተጋቡበት ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚዞረው ልጅ፣ ከሀገሩ ርቆ የሚማረው ቆሎ እየቆረጠመ ነውና ስሙን ከስንቁ አገኘ። ይህ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ቅኔ «ይቆጥራል»፤ ሲበረታም ቅኔ «ይዘርፋል»። ቤቱን ለማያውቅ ሰው ዘረፋ ወንጀል ነው። ለተማሪው ግን ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከጥግ ተቀምጦ፣ ከገዛ ልቡናው ያወጣውን አዲስ ነገር በመምህሩ ፊት ማቅረብ ነው። በዚያ ጉባኤ የተሳካለት ይመሰገናል፤ ያልተሳካለት የባልንጀሮቹን ሣቅ ይችላል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ጀማሪው በመጀመሪያ የሚማረው የቅኔ ዓይነት ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና መሆኑም ለዚህ ሰሞን የሚስማማ ነው። ስሙ በገሊላ ቃና የተደረገውን ሠርግ ያስታውሰናል፤ በዓሉም ከጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን ይከበራል። በሰም የተሸፈነ ወርቅ መፈለግን የለመደ ጆሮ፣ ቃል ከአንድ በላይ ትርጉም ሲይዝ አይደናገጥም።

ከቅኔ ቤቱ ወደ አስኳላው የተሻገረ ቃልም አለን። በአብነት ትምህርት ቤት ትምህርቱ «ቀለም» ይባላል፤ የገባው ልጅ «ቀለም ገባው» ይባልለታል። በከተማው ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ የማይለየው ልጅ «ቀለሜ» ሲባል፣ ሰዳቢዎቹ ሳያውቁት የየኔታን ቃል እየደገሙ ነው። ቀለሜው ሌሊቱን ሙሉ «ይቸክላል»። ካስማ ወደ መሬት እንደሚቸከል ሁሉ ትምህርቱ ወደ ጭንቅላት ይቸከላል ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሥዕላዊ አገላለጽ እኛ በበኩላችን አላገኘንም። ከትምህርት ክፍል የሚቀረው ደግሞ «ፎረፈ» ይባላል፤ ሜዳ ላይ ሳይቀርብ በፎርፌ እንደሚሸነፍ የእግር ኳስ ቡድን ነው። ሳያጠና ፈተና የደረሰበት ልጅ መጠጊያው «አጤሬራ» ነው። አንድ ሙሉ ምዕራፍ አውራ ጣት በምታህል ወረቀት ላይ ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜና ጥበብ ምዕራፉን ለማጥናት በቂ እንደነበር የሚገባው ግን ከተያዘ በኋላ ነው። (ቃሉን ማንሣታችን ድርጊቱን ለማወደስ እንዳልሆነ ወላጆች ይረዱልን።) ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ፍሬሽ» ይሆናል፤ ከግቢው የምግብ አዳራሽ ወጥቶ ገንዘቡን ተቀብሎ በራሱ የሚመገበውም «ነን ካፌ» ይባላል።

«ጀለስ» ማለት ጓደኛ ነው። ነባሩ አማርኛችን ለዚህ «ባልንጀራ» የሚል ቃል ነበረው፤ ባለ እንጀራ፣ እንጀራ ተካፋይ እንደ ማለት። የቆሎ ተማሪዎች ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አንድ ላይ አድርገው ሲካፈሉ ያየ ሰው ቃሉን ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም። አንድ ሳምቡሳ ለሦስት የሚገምሱ የከተማ ተማሪዎችም «ጀለስ» ሲባባሉ ከዚያ የራቁ አይመስለንም።

የዚህ ሁሉ ጨዋታ እናት አራዳ ናት። አራዳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ታላቅ ገበያ ስም ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የሀገሬውን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ ቢያዛውረውም ስሙ አልተዛወረም፤ ይልቁንም ብልህና ንቁ ለሆነ ሰው ቅጽል ሆነ። ካዛንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ምሕጻረ ስም የወጣ ነው። ሠራተኛ ሰፈር የባለ እጆች ነበር። በደጃዝማች ውቤ ስም የሚጠራው ሰፈር በሌሊት ጭፈራው «ውቤ በረሃ» ተሰኘ። «እሪ በከንቱ» ደግሞ በጨለማ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ ደራሽ ስለማያገኝ እንደ ተባለ ይነገራል፤ ይህኛው ዘረፋ የቅኔው አይደለም።

የአባቶች ተግሣጽ ተገቢ ነው ያልነው እዚህ ላይ ነው። የአራዳ ልጅ በልቡ ከኮራ በኋላ ሌላውን «ፋራ» ማለት ይጀምራል። ከገጠር መጥቶ አነጋገሩና አለባበሱ ለከተማው እንግዳ የሆነ ተማሪ፣ በዚህች አንዲት ቃል የተነሣ በክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ይፈራል፤ ጥያቄውንም ይዞት ይወጣል። «ሙድ መያዝ» የሚሉት ፌዝ በእኩዮች መካከል ሲሆን ያስቃል፤ ብቻውን በቆመ ልጅ ላይ ሲሆን ግን ጭካኔ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ድረስ በእግሩ ተጉዞ የተማረው ሊቅ ሁሉ በደረሰበት ሀገር እንግዳ እንደነበረ ለልጆቻችን ብንነግራቸው መልካም ይመስለናል።

ሌላው የሚያሳስበን ነገር ቃላቱ የተወለዱባቸው ሰፈሮች መበተናቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ነባር መንደሮች ለልማት ተነሥተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ብዙዎቹ ያረጁ ቤቶች ለኑሮ የማይመቹ እንደነበሩ የኖረባቸው ያውቃል። ነገር ግን በአንድ ግቢ ቡና ይጠራሩ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬ አንዱ ገላን፣ ሌላው ኮዬ ፈጬ፣ ሌላው ቦሌ አራብሳ ነው። «ላሽ በል» ብሎ አንድ ፉጨት ብቻ ይበቃው የነበረ ጓደኛ፣ አሁን ለመገናኘት ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት።

ስለዚህ ብዙዎች የጥምቀትን ዕለት ይጠብቃሉ። የቀድሞ አጥቢያቸው ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆመው ይፈላለጋሉ፤ «ፋዘር ደኅና ናቸው?»፣ «ማዘርስ?» ይባባላሉ፤ ከዚያም በሚያውቁት ቋንቋ ይሣሣቃሉ። አብረዋቸው የመጡት ሕፃናት ግን ሣቁ ሁሉ ከየት እንደመጣ አይገባቸውም። እነርሱ የተወለዱት በኮንዶሚኒየም ነው፤ ሰፈራቸው የት እንደሆነ ሲጠየቁም የሚመልሱት የብሎካቸውን ቁጥር ነው።