የሙሽራ ቀሚስ ጭራ ምን ያህል ይርዘም?

ቬሎ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ነው። በጣልያንኛ ትርጉሙ ሙሽራ ፊቷን የምትሸፍንበት ስስ ጨርቅ፥ እኛ ዓይነ ርግብ የምንለው ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ትርጉሙን አስፍቶ የነጩ የሙሽራ ቀሚስ መጠሪያ ሆኗል። ከዚህ ቀሚስ ወገብ ወደ ኋላ እየሰፋና እየረዘመ ሄዶ መሬት ላይ የሚጎተተውን ክፍል በዚህ ጽሑፍ ጭራ እንለዋለን። የምንመረምረውም ይህ ጭራ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚገባው ነው።

«ይህ የሙሽሮችና የልብስ ሰፊዎች ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሙሽራይቱ ቬሎ ለመምረጥ ስትሄድ አብረዋት ሄደው አስተያየት የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ በእናንተ ዕድሜ ያሉ እኅቶቿና የአክስቶቿ ልጆች ናቸው። በሠርጉም ዕለት ጎንበስ ብለው ጭራውን የሚሸከሙት እነሱው ናቸው። ምርጫው የተሳሳተ እንደሆነ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ቬሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው የመያዣ ገንዘብ ተከፍሎበት ነውና።

በቀድሞው ዘመን በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት የምትሄደው በበቅሎ ተቀምጣ ነበር። በበቅሎው ላይ የሚያወጣትም የሚያወርዳትም ሚዜ ስለሆነ እግሯ መሬት የሚነካው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጎተት ልብስ አላስፈለጋትም፤ ቢኖራትም ኖሮ ከበቅሎው እግር ጋር በተጠላለፈ ነበር። የሐበሻ ቀሚስም ቢሆን ከቁርጭምጭሚት እምብዛም አያልፍም። የግርጌው ጥበብ ለዓይን እንዲታይ የተሠራ ነውና አቧራ ላይ ቢጎተት ሸማኔው የደከመበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ጭራ የመጣው ከአውሮፓ ቤተ መንግሥታት ነው። በዚያ የጭራ ርዝመት የማዕርግ ምልክት ነበር። ረዥም ጭራ የለበሰች ሴት፥ ጭራዋን የሚሸከሙላት አገልጋዮችና የምትራመድበት ሰፊ አዳራሽ እንዳላት ለተመልካች ታስታውቃለች። በዘመናችን እጅግ የታወቀው ጭራ ዲያና ስፔንሰር ከእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ከቻርልስ ጋር ሐምሌ 22 ቀን 1973 ዓ.ም. በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ስትጋባ የለበሰችው ሲሆን፥ ርዝመቱ 7 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በካቴድራሉ ደረጃና በሰፊው መተላለፊያ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ አስደናቂ ነበር። ነገር ግን ሙሽራይቱ ከአባቷ ጋር የመጣችው በሰረገላ ነበርና ያ ሁሉ ጨርቅ በጠባቡ መቀመጫ ውስጥ ታጥፎ ነበር የቆየው። ከሰረገላው ስትወርድ የቀሚሱ መጨማደድ በቴሌቪዥን የተመለከተው ዓለም ሁሉ አየው። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም.፥ ልጇን ዊልያምን ያገባችው ካትሪን የለበሰችው ቀሚስ ጭራ 2.7 ሜትር ብቻ ነበር። ይህም ቢሆን ለእኛ አገር መኪና በጣም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ጭራ በሁለት መንገድ ይለካል። አንዳንዶች ከወገብ ጀምረው እስከ መጨረሻው ጫፍ ይለካሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቀሚሱ መሬት ከነካበት ቦታ ጀምረው መሬት ላይ የተኛውን ብቻ ይቈጥራሉ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሙሽራ ከወገቧ እስከ መሬት 1 ሜትር ያህል አላት እንበል። ጫማዋ 7 ሴንቲ ሜትር ታኮ ቢኖረው 1 ሜትር ከ7 ይሆናል። አከራዩ «ጭራው አንድ ሜትር ተኩል ነው» ሲላት ከወገብ ለክቶ ከሆነ፥ መሬት ላይ የሚጎተተው 43 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከመሬት ለክቶ ከሆነ ግን ከኋላዋ አንድ ሜትር ተኩል ሙሉ ጨርቅ ይከተላታል። ውስጥ የሚለበሰው ጁፖን ቀሚሱን ወደ ውጭ በገፋው መጠንም መሬት ላይ የሚተርፈው ጨርቅ ይቀንሳል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ተናግረው ሁለት የተለያየ ነገር ሊያስቡ እንደሚችሉ ልብ በሉ። «ረዥም»፥ «መካከለኛ»፥ «አጠር ያለ» የሚሉት ቃላትማ ከዚህም የባሱ ናቸው። ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ የምትሸሿቸውን ያህል ቬሎ ስትመርጡም ሽሿቸው፤ «ከየት ተነሥቶ የት ድረስ? ስንት ሴንቲ ሜትር?» ብላችሁ ጠይቁ።

በውጭ አገር ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ለየርዝመቱ ስም ወጥቶለታል። መሬቱን ጠረግ አድርጎ የሚያልፈው ትንሹ ጭራ አለ፤ ከእርሱ በላይ የጸሎት ቤት ጭራ የሚባለው፥ ከዚያም በላይ የካቴድራል ጭራ የሚባለው ይመጣል። በልኩ ላይ ሰፊዎቹ ሁሉ አይስማሙም። ስሙ ግን አንድ ቁም ነገር ይነግረናል፤ ርዝመቱ የተሰየመው በሚለበስበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት መስተዋቱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

እስቲ አንዲት የአቃቂ ሙሽራን በሐሳብ እንከተላት። አቃቂ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፥ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ በፋብሪካዎቿ የታወቀች ሥፍራ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ስለነበራት ጨርቅ በሜትር መቍጠር ለነዋሪዎቿ እንግዳ ነገር አይደለም። የአካባቢው አፈር ግን በአብዛኛው መረሬ ነው፤ ለቬሎም ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር መረሬ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ታኮ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፥ የዳንቴሉም ጫፍ በጓሉ ይያዛል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ የበልግ ዝናብ ካካፋ ያው አፈር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የረጠበ መረሬ የነካው ነጭ ሳቲን ታጥቦም ቢሆን እንደ ቀድሞው ነጭ መሆኑ ያጠራጥራል።

ሙሽራይቱ ከእናቷ ቤት ወጥታ መኪናው እስከቆመበት ድረስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ የሠፈር መንገድ ትሄድ ይሆናል። ከዚያ መኪና ውስጥ ትገባለች፤ ጭራውም ጉልበቷ ላይ ይታጠፋል። ሠርጉ በተክሊል ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጫማዋን ታወልቃለች። ይህን ብዙ ሰው አስቀድሞ አያስበውም። በ7 ሴንቲ ሜትር ታኮ ልክ የተቈረጠው ቀሚስ ጫማው ሲወልቅ በፊት ለፊትም 7 ሴንቲ ሜትር ይረዝምባታልና በገዛ ቀሚሷ ትደናቀፋለች። በላዩ ላይ ካባ ሲደረብ ክብደቱም ይጨምራል። በጸሎት ቤት ወይም በማዘጋጃ ቤት ለሚፈጸም ጋብቻ ይህ ችግር የለም። ቀጥሎ ለፎቶግራፍ ወደ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ወይም ወደ ሌላ አረንጓዴ ቦታ ይኬዳል፤ በዚያ ሣርና ጠጠር ይጠብቃታል። በመጨረሻ ድንኳኑ ውስጥ፥ በወንበሮች መካከል አልፋ ወደ ሙሽሮች መቀመጫ ትወጣለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጉልበት መሳም ነው። በአውሮፓ ሠርግ ሙሽራ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ትራመዳለች፤ ጭራም የተሠራው ለዚህ ነው። የእኛ ሙሽራ ግን ትንበረከካለች፥ ትነሣለች፥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ወደሚቀጥሉት ሽማግሌ ትዞራለች። ወደ ኋላ የምትራመድ ሴት ደግሞ የምትረግጠው የራሷን ጭራ ነው። አንድ ጊዜ አቃቂ ውስጥ በተደረገ ሠርግ ላይ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ሙሽራይቱ የአያቷን ጉልበት ስማ ስትነሣ ታናሽ ወንድሟ ሳያውቅ ጭራው ላይ ቆሞ ነበርና ቀሚሱ ከወገቡ ስፌት ተተረተረ። አክስቶቿ ከብበው በመርፌ ቁልፍ አያያዙት፤ ሠርጉም ቀጠለ። የመያዣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። እናቲቱ ያን ገንዘብ የከፈሉት ከዕቁብ ባወጡት እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። ልጁ ለብዙ ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም፤ ለዚያ ድንኳን ያን የሚያህል ጭራ የመረጡት ትልልቆቹ ናቸው።

በእኔ ግምት ለእንዲህ ዓይነቱ ውሎ መሬት ላይ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚጎተት ጭራ ይበቃል። ይህን ያህሉን ሙሽራይቱ ራሷ በአንድ እጇ ልትሰበስበው ትችላለች። ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰፊ አዳራሽና ሥራቸውን የሚያውቁ ሁለት ረዳቶች ካሉ እስከ አንድ ሜትር ቢደርስ አይከፋም። ከዚያ በላይ ረዥም ጭራ የግድ የሚፈለግ ከሆነ ከወገቡ ላይ የሚፈታ ዓይነት አለ፤ ለፎቶግራፍ ተደርጎ ከድንኳን በፊት ይወልቃል። የማይፈታ ከሆነም ከቀሚሱ ጀርባ ትንንሽ ቁልፎች፥ ከጭራው ሥር ደግሞ የክር ቀለበቶች ይሠሩለትና ወደ ላይ ታጥፎ ይያዛል። አንድ ልብስ ሰፊ ይህን በአጭር ጊዜ ሊሠራው ይችላል። ሆኖም የኪራይ ልብስ ከሆነ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የጨርቁም ዓይነት ይታሰብበት፤ ታፍታ መኪና ውስጥ ሲታጠፍ የያዘውን ጭምድድ አይለቅም፥ ቱል ግን ሲያራግፉት ቶሎ ይዘረጋል።

ታላቅ እኅታችሁን ተከትላችሁ ቬሎ ለመምረጥ ስትሄዱ እንግዲህ ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ አንደኛው በሠርጉ ቀን የምታደርገው ጫማ፥ ሁለተኛው ሲባጎ ነው። ሲባጎውን ከመሄዳችሁ በፊት በሠፈራችሁ መንገድና በድንኳኑ መተላለፊያ ስፋት ልክ ቋጥሩት። ቬሎውን ከነጁፖኑ ከለበሰች በኋላ በመስተዋት ፊት ቆማ ብቻ አትታይ፤ ትራመድ፥ ትቀመጥ፥ ትንበርከክ፥ ወደ ኋላም ሁለት እርምጃ ትሂድ። የፊተኛው ጫፍ ከነጫማዋ ከመሬት አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱን ተመልከቱ። ተክሊል ካለ ጫማውን አውልቃ እንደገና ትራመድ። ከዚያ ጭራውን ዘርግታችሁ በሲባጎው ለኩት፤ ከቋጠሮው አልፎ ከሄደ አጠር ያለውን እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ።