ቴስቶስትሮን የጎደለን ይሞላል፤ ዕድሜን ግን አይመልስም

ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የአበሻ ሠፈር በ2002 (እ.ኤ.አ.) «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስያሜ በይፋ አገኘ። በደርግ ዘመን በወጣትነታቸው ተሰደው ወደዚህች ከተማ ከመጡት ወንዶች ብዙዎቹ ዛሬ ስድሳን አልፈዋል። ድካም ሲጫናቸው፣ ቦርጭ ሲወጣቸው፣ የወሲብ ፍላጎት ሲቀንስባቸው ለሐኪም መናገር ያሳፍራቸዋል። «ቴስቶስትሮንዎ አንሶ ይሆናል» የሚለው የክሊኒኮች ማስታወቂያ ግን በሬዲዮም በስልክም ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ሕክምናው የሚሰጠውንም የሚያስከፍለውንም በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቴስቶስትሮን በአብዛኛው የሚመረተው በዘር ፍሬ ውስጥ ነው፤ የማምረቱ ትእዛዝ የሚመጣው ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ እጢ ነው። ሆርሞኑ በመርፌ ወይም በጄል ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። የዘር ፍሬው እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የወንድ ዘር ምርትም እስከ መቋረጥ ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ምርቱ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። በስደት ኑሮ ትዳር ዘግይቶ ልጅ ገና ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መርፌውን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ምርመራውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሆርሞኑ መጠን ጠዋት ከፍ ይላል፣ ምግብ ሲበላ ደግሞ ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ደሙ ቁርስ ሳይበላ፣ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች መወሰድ አለበት። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር በዴሲሊትር ከ300 ናኖግራም በታች የሆነውን ዝቅተኛ ይለዋል፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ምልክቱም አብሮ መኖር አለበት። እንቅልፍ ማጣትም መጠኑን ያወርደዋል። በቺካጎ ተካሂዶ በ2011 የታተመ አነስተኛ ጥናት ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም በጥበቃ ሥራ የሚያድር ሰው ከመርፌ በፊት እንቅልፉን ቢያስተካክል፣ ውፍረት ካለበትም ክብደቱን ቢቀንስ ሆርሞኑ በራሱ ከፍ ሊል ይችላል።

ከሎስ አንጀለስ ብዙም ሳይርቅ፣ ቶራንስ በሚገኘው ሐርበር ዩሲኤልኤ የሕክምና ማዕከል፣ ክርስቲና ዋንግ እና ሮናልድ ስወርድሎፍ በቴስቶስትሮን ጄል ላይ ቀደምት ጥናት አድርገዋል። በ2000 የወጣው ጥናታቸው 227 ወንዶችን ያካተተ ነበር፤ በእርግጥ ሆርሞኑ የጎደላቸው ሰዎች የወሲብ ፍላጎታቸው፣ ስሜታቸውና ጡንቻቸው ተሻሽሏል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 790 ወንዶች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ ከ2016 ጀምሮ የወጣው ሰፊ ጥናት ግን ተስፋውን መጠነኛ አድርጎታል። የወሲብ ፍላጎት በመካከለኛ ደረጃ ተሻሻለ፤ ደም ማነስ ከነበረባቸው ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል፤ የአጥንት ጥግግት ጨመረ። ድካም ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ የማስታወስ ችሎታም እንዲሁ። ችግሩ የብልት አለመቆም ብቻ ከሆነ ለዚያ የተሠሩት ክኒኖች የተሻለ ይሠራሉ።

በ2023 የወጣው ትራቨርስ የተባለ ጥናት የልብ ሕመም ያለባቸውን ወይም የሚያሰጋቸውን ከ5,200 በላይ ወንዶች ተከታትሏል። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን የመሰሉ ከባድ አደጋዎች የደረሱባቸው ቴስቶስትሮን ከወሰዱት 7.0 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 7.3 በመቶ ሆኑ። ይህ የሚያጽናና ውጤት ነው። ሆኖም የልብ ምት መዛባትና በሳንባ ውስጥ የደም መርጋት በወሳጆቹ ላይ በዝቶ ታይቷል። አጥንት ያጠነክራል ሲባል የነበረው ሆርሞን የአጥንት ስብራትን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ስብራቱ በወሳጆቹ 3.5 በመቶ፣ በሌሎቹ 2.5 በመቶ ገደማ ሆነ።

ሕክምናው ሲረዝም ክትትሉም ይረዝማል። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ህዋሳትን ያበዛል፤ ድርሻቸው ከ54 በመቶ ካለፈ ደሙ ስለሚወፍር መድኃኒቱ ይቆማል ወይም መጠኑ ይቀነሳል። ከፍታም ደምን ያወፍራልና፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ሄዶ ወራት የሚቀመጥ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት። የፕሮስቴት ምርመራም እንዲሁ አይዘነጋም።

ጄል የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሰላምታችንን ያስብ። ጄሉ ብዙ ጊዜ የሚቀባው ትከሻና ክንድ ላይ ነው፤ እኛ የምንሳሳመው ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ልጅ የምናቅፈውም እዚያው ላይ ነው። ሆርሞኑ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይተላለፋል። ሕፃናት ያለ ዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት በማሳየታቸው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ጄሉ ከደረቀ በኋላ ልብስ ይሸፍነው፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ልጅ ከማቀፍ በፊትም የተቀባው ገላ ይታጠብ።

የወሲብ ፍላጎት ለውጥ በሳምንታት፣ የጡንቻና የስብ ለውጥ በወራት፣ የአጥንት ለውጥ ደግሞ በዓመታት ነው የሚመጣው። መጠኑ ተስተካክሎ ስድስት ወር አልፎ ምልክቱ ካልተሻሻለ መንስኤው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውን ስለማቆም ሐኪምን ማማከር ይገባል። በፒቱታሪ ሕመም ወይም በዘር ፍሬ ጉዳት ሆርሞኑን ያጣ ሰው ግን ሕክምናው ብዙ ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው፤ ይገባዋልም። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ሲወስድ እንደማያፍር ሁሉ እሱም ሊያፍር አይገባውም።