ከልብስ ሰፊ በረንዳ የሚቀር ብጣሽ ጨርቅ ምን ይሠራል?

እንደሚታወቀው ልብስ ሰፊ ባለበት ሁሉ ብጣሽ ጨርቅ አይጠፋም። ግራና ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ጋርመንት መማር አያስፈልገውም፤ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ስለሚሠሩ ቁርጥራጩ ከእግራቸው ሥር ሲከመር አላፊ አግዳሚው ያየዋል። የቁርጥራጩ ዓይነት እንደ ወሩ ይለያያል። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ለዒድ ሰሞን ጅልባብና የሴት ቀሚስ፣ ለጥምቀት የሐበሻ ልብስ፣ ሠርግ ሲበዛ ደግሞ መጋረጃ ይሆናል። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ልብስ ሰፊ ይህን ሁሉ ምን እንደሚያደርጉት ብጠይቃቸው «ወላሂ ልጄ፣ ከሰል ማቀጣጠያ ካልሆነ ለምንም አይሆንም» አሉኝ።

የእኛ ዲፓርትመንት ጆንያም ዕጣው ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም። በልብስ ፋብሪካ ደረጃ ሲቆረጥ ከጨርቁ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል ተብሎ በተለምዶ ይጠቀሳል። ፓተርኑን አቀራርቦ በመደርደር ይህን መቀነስ እንደሚቻል በክፍል ተምረናል። መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ስለሚሆነው ግን ብዙም አይነገረንም። በዚህ ጽሑፍ በመርፌና በክር ብቻ፣ ያለ መኪና፣ ማንም ሊሠራቸው ስለሚችላቸው ነገሮች እገልጻለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መስማማት አለብን፤ ይኸውም «ምን ልሥራ?» ከማለታችን በፊት «ይህ ጨርቅ ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።

በአገራችን ብጣሽ መቀጣጠል አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ስሙ ላይ ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተጥፎ የተሠራውን ልብስ ድሪቶ እንለዋለን፤ ድሪቶ ደግሞ የልብስ ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ሆኗል። በሰሜን ጃፓን ብርዱ ጥጥ ስለማያበቅል ገበሬዎች አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ከሌላ አካባቢ እየገዙ፣ እራፊ በእራፊ ላይ እየደረቡ የሚሰፉት «ቦሮ» የሚባል ልብስ ነበራቸው። ያኔ የድህነት ምልክት ነበር፤ ዛሬ በሙዚየም ይታያል። በቤንጋል ደግሞ ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው፣ በቀጭን ስፌት ወጣ ገባ እያደረጉ የሚሠሩት «ካንታ» የታወቀ የእጅ ጥበብ ነው። የእኛም ድሪቶ ከእነዚህ በሥራው አያንስም፤ የጎደለው ክብር ነው እላለሁ።

ወደ ሥራው እንመለስ። ብጣሹን የሚለየው እሳት ነው። ከጠርዙ የጣት ያህል ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙትና ውሃ ባለበት ሰሃን ላይ ክብሪት አስጠጉት። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ግራጫ ሆኖ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ከነበልባሉ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ የጠጠረ ነገር ይቀራል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ስለሚሸት አያሳስትም። አስቸጋሪው ድብልቁ ነው። ብዙ ጊዜ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቴትሮን እንደ ወረቀት ይነድና አመዱ ውስጥ ጠጣር ቅንጣት ይተዋል። በእጅ ሲዳሰስ ጥጥ ይመስላል፤ እሳቱ ነው የሚያጋልጠው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለመራቀቅ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ በብዛት የሚሄደው ወደ ማዕድ ቤት ነው፤ ለምጣድ ማሰሻ፣ ለድስት መያዣ። ፖሊስተር በ250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም መለስለስና መጣበቅ ይጀምራል። በእንጨት የሚነድ ምጣድ ላይ የፖሊስተር ማሰሻ ማሳረፍ ማለት ፕላስቲክ እንጀራ ላይ መቀባት ማለት ነው። በፖሊስተር የጋለ ድስት የሚያነሣ ሰው ደግሞ የቀለጠው ጨርቅ ቆዳው ላይ ይጣበቅበታል፤ እንዲህ ያለው ቃጠሎ ከተራው ይብሳል። ስለዚህ ለማዕድ ቤት ጥጥ ብቻ!

የድስት መያዣ አሠራሩ ቀላል ነው። በየጎኑ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ከአሮጌ ጅንስ ሁለት፣ ከአሮጌ ጋቢ ሦስት ቁረጡ (ጅንሱ የማይለጠጠው ዓይነት ይሁን፤ የሚለጠጠው ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል)። ጋቢውን በጅንሶቹ መካከል አድርጋችሁ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀልኛ ወጣ ገባ እያላችሁ ስፉት። ይህ ስፌት ካልገባበት መሐሉ ተንሸራትቶ አንድ ጥግ ላይ ይሰበሰባል፣ እጃችሁም ባዶው ጋ ይቃጠላል። ቀጥሎ ጠርዙን መዘምዘም ነው። ስትጠቀሙበት ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ወዲያው ወደ እጅ ያስተላልፋል።

ፖሊስተሩ ታዲያ ይጣል? አይጣልም። ውሃ ስለማይመጥ ለልጆች የጨርቅ ኳስ ከጥጥ የተሻለ ነው፤ ዝናብ ላይ የጥጥ ኳስ ድንጋይ ይሆናል። በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ አፉን ሰፍቶ፣ ዙሪያውን በሲባጎ ማሰር ነው፤ ይህን እንኳ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። ለትራስም ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ አውራ ጣት ጥፍር ካልደቀቀ ይጓጉላል። እኔ ራሴ ለትራስ ብዙም አልመክረውም፣ ይከብዳል፣ ይሞቃልም።

ለረጃጅሙ ቁርጥራጭ የሚስማማው ምንጣፍ ነው። እዚህ ላይ የእናቶቻችን እጅ ከእኛ መጽሐፍ ይቀድማል። ሰፌድ የሚሰፋ ሰው ስንደዶውን ከመሐል ጀምሮ እየጠመዘዘ፣ በአክርማ እየጠቀለለ፣ እያንዳንዱን ዙር ከቀደመው ጋር እያያዘ ወደ ውጭ ይሄዳል። የጨርቅ ምንጣፍም ይኸው ነው። ሦስት ጣት ስፋት ያላቸውን ቁርጥራጮች ጫፍ ለጫፍ ቀጥሉ፤ ሦስቱን እንደ ሹሩባ ጎንጉኑ፤ ጉንጉኑን ከመሐል ጀምራችሁ እያዞራችሁ በወፍራም ክር አያይዙት። ልዩነቱ አንድ ነው። ስንደዶ ደረቅ ስለሆነ ቅርጹን ይይዛል፣ ጨርቅ ግን እጃችሁን ይከተላል። ክሩን ካጠበቃችሁ ጠርዙ ይነሣና ምንጣፉ እንደ ቁና ይጎደጉዳል። በየሁለት ሦስት ዙሩ መሬት ላይ አስተኝታችሁ እዩት። ሆን ብሎ አጥብቆ ቁና መሰል ማስቀመጫ የሚሠራም አለ፤ ለክርና ለቁልፍ ያገለግላል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወዳነሣሣኝ ዋና ጉዳይ እመጣለሁ፤ እሱም ሞዴስ ነው። በዲፓርትመንት ቡለቲን ላይ ስለ ወር አበባ ተጽፎ ማየት የሚያስቀው ካለ ስቆ ይጨርስና ይመለስ። ከግራና ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጃገረዶች በየወሩ ሞዴስ መግዛት ከዘይትና ከሳሙና ጋር የሚሻማ ወጪ ነው። ያልቻለችው ያገኘችውን ጨርቅ ትይዛለች፣ ወይም ከክፍል ትቀራለች። በአገራችን ጉዳዩን በሰፊው ካነሡት አንዷ ወ/ሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው። አሜሪካን አገር በኬሚካል ምሕንድስና የተማሩት ወ/ሮ ፍሬወይኒ ታጥቦ ተመላልሶ ለሚያገለግል ሞዴስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠራ መብት አግኝተው፣ መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋሙ። ምርቱ በአግባቡ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል ተብሎለታል። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተመርጠዋል።

የፋብሪካውን ያህል ባይሆንም ከብጣሽ ጨርቅ የሚያስተማምን ነገር መሥራት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን የሚያስበው ስለ መምጠጡ ብቻ ነው። በእኔ ግምት ከመምጠጡ የማያንሰው ጉዳይ ማድረቁ ነው። ተከራይ ልጆች የሚኖሩበት ግቢ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ አለው፤ አከራይዋ ያያሉ፣ የአከራይዋ ወንድ ልጅ ያያል። ስለዚህ ልጅቷ ጨርቋን አጥባ አልጋ ሥር ወይም ፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች። በደንብ ሳይደርቅ መልሳ ትይዘዋለች፤ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ እርጥበት ነው። ብዙ ድርብ ያለው፣ አንድ ላይ የተሰፋ ወፍራም ሞዴስ ደግሞ ፀሐይ ላይ እንኳ ሲውል ውስጡ ቶሎ አይደርቅም።

ስለዚህ ሽፋኑንና መጣጩን ለያይቶ መሥራት ይሻላል። ሽፋኑ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጫፍና ጫፉ የተጠጋጋ፣ መሐሉ ላይ በግራና በቀኝ ክንፍ ያወጣ ሆኖ ይቆረጣል፤ ከክንፍ እስከ ክንፍ 18 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሰውነት የሚነካው ጎን ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ፣ የታችኛው ጎን ጠንከር ያለ ጥጥ ይሁን። ከተሰበረ ጃንጥላ የተቆረጠ ጨርቅ በሁለቱ መካከል ቢገባ እንዳያሳልፍ ይረዳል። ሁለቱን ጎን ዙሪያውን ከሰፋችሁ በኋላ ከላይ በኩል፣ ከፊትና ከኋላ፣ ሁለት አግድም ማሰሪያ ጨርቅ ጨምሩ፤ መጣጩ በእነሱ ሥር ይገባል። ክንፎቹ ከውስጥ ሱሪ በታች ተጣጥፈው በአንድ ቁልፍ ይያያዛሉ። መርፌ ቁልፍ ድንገት ስለሚከፈት አልመክርም።

መጣጩ ምንም ጥበብ የለውም፤ በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ የተዘመዘመ የጥጥ ጨርቅ ነው። ያረጀ የጥጥ አንሶላ፣ በተለይ የድሮው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ዓይነት፣ ወይም ያረጀ ፎጣ ለዚህ ይሆናል። ሦስት ቦታ ሲታጠፍ ከሽፋኑ ልክ ይገባል፤ ብዙ በሚፈስበት ቀን ሁለቱን ደርቦ መያዝ ነው። ሲታጠብ ተዘርግቶ ገመድ ላይ ይሰጣል። ገመድ ላይ ሲታይ መሐረብ እንጂ ሌላ ነገር አይመስልም፤ አከራይዋም ልጃቸውም መሐረብ ነው የሚያዩት። በግራና ፀሐይ ላይ ብዙ ሰዓት አይፈልግም። ሽፋኑም ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

አዲሱን ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት በፈላ ውሃ እጠቡት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ቀለምና ስታርችም ይለቃል። ከተጠቀሙ በኋላ ግን በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ይቀድማል፤ ሙቅ ውሃ የደሙን እድፍ ያጸናዋል። ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ፀሐይ፤ ካውያ ከተገኘም እሰየው። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀየር ያስፈልጋል። ስለሆነም ለአንዲት ልጅ ሦስት ሽፋንና አሥር ያህል መጣጭ ቢኖራት ቀን ክፍል ውላ ማታ ለማጠብ ያመቻታል። ክፍል ውስጥ የቀየረችው በትንሽ ከረጢት ይያዛል፤ ለዚህ ለዚህ ነው ፖሊስተሩ የሚጠቅመው።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር በአንድ ጆንያ ፋንታ ሁለት ይቀመጡ፤ አንዱ ላይ «ጥጥ»፣ አንዱ ላይ «ሌላ» ተብሎ ይጻፍባቸው። ቆራጩ ጨርቁ ምን እንደሆነ በእጁ ሳለ ያውቀዋል፣ ጆንያው ውስጥ ከተደባለቀ በኋላ ግን ክብሪት ይዞ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። የጥጡ ጆንያ ሲሞላ ከ25 ሳንቲ ሜትር የማያንሰውን ለመጣጭ፣ የቀረውን ለድስት መያዣ መለየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የግራናው ጎረቤታችንም ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰብ አድርገው «የአንሶላውንማ ለብቻ አስቀምጥልሻለሁ፣ ከረጢቱን ግን አንቺ አምጪ» ብለውኛል።