ያረጀ የውጭ መጫወቻ ሜዳን ወለል ማደስ፦ ከአዊ ደጋ የአየር ጠባይ አንጻር

ፒክልቦል በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተጀመረ፣ በጠፍጣፋ ራኬትና በተበሳሳ የፕላስቲክ ኳስ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። መጫወቻው 13.41 በ6.10 ሜትር ሲሆን፣ ከመንቀሳቀሻው ጋር ቢያንስ 18.29 በ9.14 ሜትር ቦታ ይመከርለታል። ይህ ልክ 18 በ9 ሜትር ከሆነው የመረብ ኳስ ሜዳ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ እንደ ግምጃ ቤት ባሉ የአዊ ዞን ከተሞች ጨዋታውን ማስጀመር ቢታሰብ፣ ቀዳሚው አማራጭ አዲስ ሜዳ መሥራት ሳይሆን ያረጀ የኮንክሪት ወይም የአስፋልት ሜዳን ማደስ ነው።

በደጋ አካባቢ የሜዳን ወለል በዋናነት የሚጎዱት ፀሐይና ውኃ ናቸው። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የአስፋልቱ ሬንጅ ይደርቃል፤ ደቃቅ ጠጠሩም ይላቀቃል። በረጅሙ ክረምት ደግሞ በስንጥቅ የሚሰርገው ዝናብ ከሥር ያለውን ቀይ የሸክላ አፈር ያለሰልሳል፤ ወለሉም ይሰረጉዳል።

ከቀለም በፊት ምርመራ ይቀድማል። ሜዳው ታጥቦ ውኃ ይፈስበታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በላይ ውኃ የቋጠረ ቦታ በኖራ ጠመኔ ተከብቦ በአሸዋ፣ በሲሚንቶና በአክሪሊክ ድብልቅ ይሞላል። የኮንክሪትን እርጥበት ለማወቅ 46 በ46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ጠርዙ ታሽጎ ለ16 ሰዓት ይቆያል። ከሥሩ ጤዛ ከታየ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው፤ በላዩ የሚቀባ ቀለም ይነፋል፣ ይላጣልም። ተዳፋቱም ወደ አንድ አቅጣጫ 1 በመቶ መሆን ይኖርበታል፤ ይኸውም በ9 ሜትር ስፋት 9 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው።

ጥገናው ከደረቀ በኋላ አሸዋ የተቀላቀለበት የአክሪሊክ መሙያ፣ ቀጥሎ ሁለት እጅ የቀለም ንብርብር፣ በመጨረሻም 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይቀባል። አሸዋው ለጫማ መያዣ ይሆናል። ተራ የዘይት ቀለም መቀባት ርካሽ ቢመስልም፣ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ተጫዋቹን ለጉዳት ያጋልጣል።

አክሪሊክ እንዲጠነክር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይና እየጨመረ የሚሄድ መሆን አለበት። በመሆኑም ተስማሚው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ነገር ግን የደጋው ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ቅቡ ረፋድ ላይ ተጀምሮ ከቀትር በኋላ ብዙ ሳይቆይ መጠናቀቅ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ መቼ አለማደስ እንደሚገባ መለየት ነው። ስንጥቁ በየክረምቱ የሚሰፋና የሁለቱ ጠርዝ ከፍታ የሚለያይ ከሆነ ችግሩ ከመሠረቱ ነው። እንዲህ ያለው ሜዳ ቢቀባ ስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል፤ ወጪውም ይባክናል። ውስን በጀት ያለው ትምህርት ቤት ወይም የወጣት ማዕከል በዚህ ጊዜ ገንዘቡን በቅድሚያ በዙሪያው ቦይ ለመቆፈርና የሰመጠውን ክፍል አንሥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ለመተካት ማዋል ይኖርበታል። ቀለሙ የሚመጣው መሠረቱ አንድ ክረምት ሳይንቀሳቀስ ካለፈ በኋላ ነው።