«ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው»?

ጠዋት አልነሳ ያለች መኪና ዙሪያ ሐኪም አይጠፋም። ጥበቃውም፣ ጎረቤቱም፣ መንገደኛውም ያውቅበታል። መኪናዋ ተገፍታም ይሁን ከሌላ መኪና ባትሪ ተበድራ ከተነሳች በኋላ ከመሃል አንዱ «እስቲ የባትሪውን ገመድ ንቀልና እየው» ይላል። ሞተሩ እየሠራ ኔጌቲቩ ይነቀላል። ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ባትሪ ቀይር»፤ ከጠፋ «ዲናሞ ነው»። ፍርዱ በዚሁ ያልቃል። ምርመራው ነፃ ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው።

እኛ ሰፈር የአንዲት እናት ቪትዝ እንዲሁ ተመረመረች። አንድ ልጅ የነቀለውን ገመድ ከፍ አድርጎ እያሳየ «ማዘር፣ ዲናሞዎት አንደኛ ነው!» አላቸው። እውነትም ሞተሩ አልጠፋም። ግን የዳሽቦርዱ መብራቶች አንዴ ቦግ አሉና ቴፑ ዝም አለ። በማግስቱ አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ቢገጠምም መኪናዋ አልነሳ አለች፤ ጋራዥ ተጎትታ ስትታይ ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል ተባለ። ኮምፒውተሩ ቀድሞ የደከመ ይሁን ያቺ ቅጽበት የገደለችው፣ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል የለም። ሴትየዋ ግን ለሁለቱም ከፈሉ፤ ለአዲሱ ባትሪም፣ ከሶማሌ ተራ ለመጣው ያገለገለ ኮምፒውተርም። የመጀመሪያው ጥፋት ከሁለቱም አልነበረም። በኋላ የተገጠመ አላርም ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲጠባ ያድር ነበር።

ባትሪ ሥራው ሞተር ማስነሳት ብቻ አይደለም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከዲናሞው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ቮልቴጁን ያረጋጋል። ዲናሞው ብዙ አምፔር እየላከ ሳለ ባትሪው ድንገት ሲነቀል፣ ሬጉሌተሩ ምርቱን እስኪቀንስ ድረስ ያ ሁሉ ኃይል መሄጃ ያጣል። መከላከያ በሌለው ዲናሞ ቮልቴጁ በዚያች የሰከንድ ክፋይ ከ80 ሊያልፍ ይችላል። በአዳዲሶቹ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች 35 አካባቢ እንዲገቱት ተደርገው ይሠራሉ፤ 35 ቮልት ራሱ ግን ለ12 ቮልት ለተሠራ አምፖልና ቴፕ ብዙ ነው። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ገመዱ የሚነቀለው ባትሪው ባዶ በሆነበት ሰዓት መሆኑ ነው። ባዶ ባትሪ ብዙ ይስባል፤ ዲናሞውም በሙሉ ጉልበቱ እየላከ ነው። ለመንቀል ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም።

ልማዱ ከሜዳ አልመጣም። ሴይቼንቶና አሮጌው ቮልስ ከተማውን በሞሉበት ዘመን ኮፈን ሥር የሚቃጠል ኮምፒውተር አልነበረም፤ ቴስተርም በየሰው እጅ አይገኝም ነበር። ዛሬም ቢሆን ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ድርግም ካለ ዲናሞው ላይ ጥርጣሬ መጣሉ ትክክል ነው። ካልጠፋ ግን ያወቅነው ነገር ጥቂት ነው። ቤንዚን ሳይረገጥ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ለካንዴላና ለነዳጅ ፓምፕ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ስለሆነ፣ አንድ ዳዮዱ የተበላሸ ዲናሞም ሊችለው ይችላል። ማታ በዝናብ፣ መብራትና ዋይፐር ሲጨመርበት ነው የሚያቅተው። ያው የተበላሸ ዳዮድ መኪናው ቆሞ ሲያድር ባትሪውን ወደ ኋላ እያፈሰሰ ባዶ ሊያስቀረው ይችላል። እናም «አንደኛ ነው» የተባለው ዲናሞ ራሱ ሌባው ሊሆን ይችላል።

ይህን የገመድ ንቀላ ቀርጸው «ቀላል ዘዴ» እያሉ የሚለቁት ሰዎች ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። የሚያሳዩን ያልተቃጠለውን መኪና ብቻ ነው።

አንድ ተራ ቴስተር ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። 20 ቮልት ዲሲ ላይ ይደረግና ቀዩ ጫፍ የገመዱን መያዣ ሳይሆን ከባትሪው የወጣውን የእርሳስ ጉጥ ይንካ። መኪናው ካደረ በኋላ ቁልፍ ሳይዞር 12.6 ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ሊያልቅ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ፣ የፊት መብራትና ማራገቢያው ሲበሩም ብዙ ካልወረደ፣ ዲናሞው ይሞላል። ተሞልቶም ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ ደክሟል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ባትሪ ከመግዛት በፊት ቀዩን ጉጡ ላይ፣ ጥቁሩን የገመዱ መያዣ ላይ አድርጎ ሌላ ሰው ቁልፍ እንዲያዞር ማድረግ ነው። ግማሽ ቮልት ከታየ ጥፋቱ በሁለቱ መሃል ያለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ነው። ሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ያነሳዋል።

ማታ ሙሉ የነበረው ጠዋት ባዶ ከሆነ ሌባ አለ ማለት ነው። አሁን ሞተሩ ስለጠፋ ኔጌቲቩን መንቀል ይቻላል። ቴስተሩ ወደ 10 አምፔር ተዛውሮ በባትሪውና በገመዱ መሃል ይገባል። በሮቹ ተዘግተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች ለመተኛት ጊዜ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ እስከ 50 ሚሊአምፔር ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ በቀን አንድ አምፔር ሰዓት ትንሽ አለፍ የሚል ነው። ሳይጠፋ የቀረ ባለ 5 ዋት የሻንጣ መብራት ግን በቀን 10 ያህል ይበላል፣ የትንሽ መኪና ባትሪ ደግሞ ሲሞላ ከ35 እስከ 45 ቢይዝ ነው። ፊውዝ አንድ በአንድ እየተነቀለ ቁጥሩ የሚወርድበትን መፈለግ ነው። ካልተገኘ፣ በኋላ የተገጠሙትን አላርም፣ ጂፒኤስና ቴፕ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ በፊውዝ ሳጥኑ አያልፉም። ቴስተሩ እንደተገጠመ ግን ቁልፍ አይዞርም፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይበጠሳል።

ሌሎቹ የባትሪ አፈ ታሪኮች ብዙ ቦታ አይፈልጉም። ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ይሞታል? የዛሬው የፕላስቲክ ቤት አያስተላልፍም፤ የትም ቢቀመጥ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። አሲድ ሲጎድል አሲድ መጨመር? የሚተነው ውሃው ነው፤ የሚጨመረውም የተጣራ ውሃ ብቻ። ብርድ ባትሪ ይገድላል? የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ብርዱ የሚያጋልጠው የደከመውን ነው። ጠዋት 10 ደቂቃ ማሞቅ? ባዶ ለሆነ ባትሪ ብዙ ሰዓት ያስፈልገዋል።

አዲሱ አፈ ታሪክ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ «ባትሪ ወረደ» የሚባል ነገር አበቃ ያሉ ብዙ ናቸው። አብዛኛዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪም አላቸው፤ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውን ማብሪያና ኮምፒውተሮቹን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ሙሉ ቻርጅ የተደረገች መኪና ግቢ ውስጥ ድርቅ ብላ ከቀረች መጀመሪያ የምትለካው ይህቺ ትንሿ ናት። ቴስተሩ ግን ወደ ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ድርሽ አይበል፤ እነሱ የሚሸከሙት በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።